እጀታው የወፈረ ብረት

የሰው እጅ ማየት ሱስ ሆኖብኛል። አውቶቡስ ውስጥ የቆመ ሰው ምሰሶውን በስንት ጣቱ እንደያዘ አያለሁ። መንገድ ላይ በአንድ እጇ አራት ፌስታል አንጠልጥላ የምትራመድ ሴት ካየሁ ቆሜ ባጨበጭብላት ደስ ይለኛል። ቸርች ውስጥ ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ፣ እኔ አንድ ዓይኔን ገልጬ የማን አውራ ጣት እንደሚወፍር አማርጣለሁ። ሚስቴ በክርኗ ትጎስመኛለች። ትጎስመኝ! እጅ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ ነው፤ ያመለጠኝን ማካካስ አለብኝ።

ነገሩ እንዲህ ጀመረ። የለንደን አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ያለፈው ዓመት ጥር ላይ ለማለዳ ፈረቃ ስወጣ፣ ኬኒንግተን ካለው ሕንጻችን ደጃፍ የጋገረ በረዶ አንሸራተተኝና ቀኝ እጄ ላይ ወደቅኩ። አንጓዬ ተሰበረ። አጥንቱ ጊዜውን ጠብቆ ገጠመ፤ ጉልበቱ ግን የት እንደገባ ጠፋ። ሆስፒታል እንደ ጉጠት የምትጨመቅ መለኪያ ያስይዙኝና መርፌዋ የት እንደደረሰች ያያሉ። የኔ መርፌ ከተኛችበት ንቅንቅ አትልም። የምታክመኝ ልጅ ግን «ጎበዝ! በጣም ጥሩ!» ትለኛለች፤ ፖፖ ላይ የተቀመጠ ሕፃን እንደሚያባብሉት። ደሜ ይፈላ ነበር። ከመሪ አውርደው «ላይት ዲዩቲ» የሚሉት የቢሮ ሥራ ላይ አስቀመጡኝ። ቤት ስገባ የማርማላታ ጠርሙስ የምትከፍትልኝ ሚስቴ ናት። ሰው ሲጨብጠኝ እንዳይታወቅብኝ እጄን ቶሎ መንጠቅ ጀመርኩ፤ አፈርኩ፣ በቃ።

ከኛ ሥር፣ ምድር ቤቱ ላይ፣ ሰማንያ ያለፋቸው እንግሊዛዊ አዛውንት ብቻቸውን ይኖራሉ። ለዓመታት ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ቀን የሕንጻውን ከባድ በር በትከሻዬ ስገፋ አዩኝ።

«ቀኝህ ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ተሰብሮ ነበር።»

«ድኗል?»

«ድኗል ይላሉ።»

«ና ግባ» አሉና በራቸውን ከፍተው ቀድመውኝ ገቡ።

ሳሎናቸው ውስጥ ባዶ ግድግዳ የለም። የድሮ ጉልበተኞች ሥዕል ነው ሙሉውን፤ ሪዛቸው ወደ ላይ የተቆለመመ፣ የነብር ቆዳ ያገለደሙ፣ ክንዳቸውን አጥፈው ጡንቻ የሚያሳዩ። መደርደሪያው ላይ በባዶ እጅ የታጠፉ ሚስማሮችና እንዳለ መሃል ለመሃል የተቀደደ የመጫወቻ ካርታ ተደርድሯል። ማሞቂያው አጠገብ ወለሉ ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ብረት ተቀምጧል፤ ወዲህና ወዲያ ድቡልቡል ራስ፣ መሃሉ ላይ አጭር እጀታ።

«አንሳው» አሉኝ።

ብረቱ ትንሽ ነው። ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ የሚከብድ አይመስልም። የሚያላግጡብኝ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ስይዘው ግን ጣቶቼ ዞረው አልተገናኙም፤ እጀታው የወተት ቆርቆሮ ያህል ይወፍራል! ጎተትኩት። ብረቱ ወደ ላይ በመምጣት ፋንታ መዳፌ ውስጥ ተሽከረከረና ሾለከኝ። እንደገና ያዝኩት፤ ሾለከ። ደህና በሆነው በግራ እጄ ሞከርኩ፤ እሱም ሾለከ! አዛውንቱ ወንበራቸው ላይ ሆነው እጃቸውን በደስታ ያፋትጋሉ።

«ያ ሁሉ ጡንቻ ለፖስተር ነው» አሉኝ ወደ ግድግዳው እያሳዩ። «ሰው የሚያየው ክንድና ደረት ነው። ሥራው ያለው እዚህ ነው» ብለው አውራ ጣታቸውን ቀሰሩልኝ።

ከዚያ ነገሩኝ፤ እኔም አፌን ከፍቼ ሰማሁ። ብረቱ የአያታቸው ነው። አያታቸው ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አካባቢ፣ ዛሬ የመስታወት ፎቅ በተደረደረበት ሰፈር፣ ቲያትር ቤት መድረክ ላይ ይወጡ ነበር። ብረቱን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው ወዲያ ወዲህ ይሉና መልሰው ያስቀምጡታል፤ ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው «ከእናንተ ውስጥ ማነው ወንድ?» ይላሉ። የወደብ ጫኝ፣ ሥጋ ሻጭ፣ አንጥረኛ፣ ወታደር እጅጌውን እየሰበሰበ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ የዚህን ሁለት እጥፍ ሲሸከም የዋለ ሰው ነው። ብረቱ ግን እንቢ! ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። ጆንያ ይጨመደዳል፣ ገመድም እጅ ላይ ይጠመጠማል፤ ይሄ የሚጨመደድም የሚጠመጠምም ነገር የለውም፤ ከጣትህ በቀር ማንም አይደርስልህም። ከመድረክ ሰዎች መካከል አጭበርባሪም ነበር አሉኝ፤ የብረቱን ራስ ውስጡን ክፍት አድርገው ለተፎካካሪ ሲሆን አሸዋ ይሞሉበታል፣ ለራሳቸው ሲሆን ያፈሱታል። የአያታቸው ግን ድፍን ነው፤ በጣታቸው አንኳኩተው አሰሙኝ። እኔም የሆስፒታሏን መለኪያ ነገርኳቸው። ዛሬ ሐኪሞች የሰውን የጭብጥ ጉልበት ለክተው ገላው እንዴት እንደሰነበተ እንደሚገምቱ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ።

«አሁን ገና ገባቸው? አያቴ ሰው ሲጨብጡ ዕድሜውን ይነግሩት ነበር» አሉ።

ልቤ ዘለለ። እውነቴን ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲያ ዘሎ አያውቅም። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ አንድ ጉልበተኛ ሰው ትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ መጥቶ ትርዒት አሳይቶን ነበር። አርማታ ብረት አንገቱ ላይ አጎበጠ፤ ቀጥሎም በገመድ የታሰረች ቮልስዋገን በጥርሱ ነክሶ ጎተተ። ያን ቀን ቤት ገብቼ የአልጋ እግር በጥርሴ ለማንሳት ስታገል ጥርሴ ተነቃንቆ እናቴ በኩርኩም አነሳችኝ። ያ ልጅ የሞተ መስሎኝ ነበር፤ ኬኒንግተን ምድር ቤት ውስጥ አገኘሁት።

«እንዴት እንደሚነሳ ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

«የሚማር ነገር የለውም። እጅህን አሳድገውና ተመለስ» አሉኝ።

አሳደግኩት! ወፍራም ነገር ሁሉ ጠላቴ ሆነ። የውሃ ጀሪካን እጀታ ላይ ፎጣ ጠቅልዬ ኮሪደሩን እመላለሳለሁ። እርጥብ ጨርቅ ጠብታ እስኪያጣ እጠመዝዛለሁ። አዛውንቱ የድሮዎቹ ጉልበተኞች ሩዝ በሞላ ባልዲ ውስጥ እጃቸውን ቀብረው ጣታቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ነበር ሲሉኝ፣ ቤት ውስጥ የሚበቃ ሩዝ ስላልነበረ ሚስቴ ያስቀመጠችው የምስር ባልዲ ላይ ወረድኩ። ከሥራ ስትገባ እስከ ክርኔ ምስር ውስጥ ተቀብሬ ሳቃስት አገኘችኝ።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አለች። «የምንበላው እኮ ነው!»

«ታጥቤያለሁ።»

«ጂፒው ሐኪም እጅህን ብቻ ነው ቼክ ያደረገው፤ ጭንቅላትህንም ማየት ነበረበት።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልኳት።

«ላያዘልቅ ጸሎት ለቅስፈት» ብላ ባልዲውን ነጠቀችኝ። በማግስቱ ግን አንድ ትልቅ ከረጢት ምስር ይዛ መጣች፤ «ይኼ የእጅህ ነው፣ የኔን እንዳትነካ» አለችኝ። የኔ ሚስት እንዲህ ናት፤ ትሰድብህና ታግዝሃለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ አዛውንቱ ዘንድ ወርጄ ብረቱን እሞክራለሁ። መጀመሪያ የተማርኩት ጣት ብቻውን ምንም እንዳልሆነ ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለጣት ነው እላለሁ። ትንሿ ጣቴ ከሰነፈች ሌሎቹ አራቱ ይከተሏታል። አውራ ጣቴ ከተከፈተ ብረቱ ያንን ክፍት ፈልጎ ይሾልካል። የለንደን በጋ ሲገባ ብረቱ ከወለሉ የተነሳ መሰለኝ። አዛውንቱ ስሜት አያምኑም፤ በጉልበታቸው ተንበርክከው ጋዜጣ በሥሩ ሰደዱ።

«አለፈ!» ብለው ጮኹ። «ጋዜጣው አለፈ!»

ጋዜጣው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ወጣ! ሁለታችንም ሳሎን መሃል ስንጮህ ከላይ ሚስቴ ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበችብን። በዚያው ሰሞን ሆስፒታል የመለኪያዋ መርፌ ተነስታ ሄደች፤ የምታክመኝ ልጅም በዚህኛው ጊዜ ሕፃን አላደረገችኝም። እኔ ግን መርፌው ቁም ነገር አልመስል አለኝ። ያን ብረት ካነሳሁ እጄ እጅ ነው፤ ካላነሳሁ አይደለም። እንዲህ ብዬ ቆርጬ ነበር።

ኅዳር ላይ አዛውንቱ ሳጥን ሲያሽጉ አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ካውንስሉ የሚባለው የሰፈሩ አስተዳደር የእህታቸው ልጅ በምትኖርበት በኬንቲሽ ታውን የአዛውንቶች ቤት ሰጥቷቸዋል። የሚገቡበት ክፍል ለአልጋና ለአንድ ወንበር ብቻ ይበቃል።

«ብረቱስ?» አልኳቸው።

«ሰኞ አንድ የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ መጥቶ ይወስደዋል። ደህና ሰው ነው። መስታወት ውስጥ ያስቀምጠዋል።» ይህን ሲሉ ፊታቸው ጨለመ። «አባቴ አንስቶታል፤ እኔም በወጣትነቴ አንስቼዋለሁ። ከኛ በኋላ ያነሳው የለም። እኔ ደግሞ ልጅ የለኝም።»

«እኔ ባነሳውስ?»

ትክ ብለው አዩኝ። «በአያቴ ደንብ ካነሳኸው ያንተ ነው» አሉ።

ደንቡ ይሄ ነው። ሙከራው ሦስት ነው። ብረቱን ከማሞቂያው አጠገብ በቀኝ እጅ ብቻ ታነሳለህ፤ ክፍሉን አቋርጠህ ዳኛው ፊት ያለው አጭር ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለህ። ግራ እጅህ ምንም አይነካም፤ ብረቱንም፣ ቀኝ ክንድህንም፣ ጭንህንም። ገላ የነካ እጅ ጉልበት ይሰርቃል ብለው አያታቸው አጥብቀው ይጠሉት ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወረድን፤ ሚስቴም ይህ እብደት ሲያልቅ በዓይኔ ልይ ብላ ተከተለችኝ። አዛውንቱ ከረባት አስረው ጠብቀውናል። ሥዕሎቹ ወርደው ግድግዳው ነጥቷል። ጠረጴዛዋን ከፊታቸው አስጠግተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና «ቀጥል» አሉኝ።

ያዝኩት። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቀና አልኩ፣ ብረቱም አብሮኝ ተነሳ! አቤት ደስ ሲል! ጋዜጣ አይደለም፣ ድመት በሥሩ ታልፍ ነበር። እግሬን እየጎተትኩ ተራመድኩ፤ ጣቶቼ ይነዳሉ፣ ክፍሉም ረዘመብኝ። ጠረጴዛው ጋ ደረስኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ አዛውንቱ ፊት አስቀመጥኩት።

«ፋውል» አሉ።

«ምን ፋውል!» ብዬ ጮኽኩ። «ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው እኮ!»

«ግራ እጅህ።»

ግራ እጄን አየሁት። ቀኝ ክርኔን ከሥር ደግፎ ይዟል። ማን እንዳዘዘው እኔ አላውቅም። ሚስቴ አንድ ጊዜ አየችኝና ሳቋ አመለጣት።

«አስረከብካቸው እኮ!» አለች በአማርኛ። «እንደ አሳላፊ አጎነበስክና አስረከብካቸው!»

ገባኝ፤ ከንዴቴ የተነሳ ብረቱን ልነክሰው ምንም አልቀረኝም። ትልቅ ሰው ፊት ዕቃ ሲቀርብ ቀኝ እጅ ያቀብላል፣ ግራው ክርኑን ይደግፋል፣ ወገብ ሰበር ይላል። ይህን ያስተማሩኝ በልምጭ ነው። ለአዛውንቱ አስረዳኋቸው። «እኛ አገር ለትልቅ ሰው በአንድ እጁ ዕቃ የሚያቀብል አሳዳጊ የበደለው ይባላል» አልኳቸው።

«ጥሩ ልማድ ነው» አሉ። «ግን ፋውል ነው።»

ብረቱን በሁለት እጄ አቅፌ ወደ ማሞቂያው መለስኩና እጄን አሻሽቼ ለሁለተኛው ተነሳሁ። ግራ እጄን ሱሪዬ ኪስ ውስጥ እንድከተው ፈቀዱልኝ። ብረቱ እንደገና ተነሳ፤ ክፍሉን አቋረጥኩ፤ ሁሉ ነገር ደህና ነበር። ጠረጴዛው ጋ ጎንበስ ስል ግን ሽበታቸውን፣ ከረባታቸውን፣ ትክ ብሎ የሚያየኝን ዓይናቸውን አየሁ። ያ የተረገመ ግራ እጅ ከኪሴ ዘሎ ወጣና ክርኔ ሥር ገባ።

«ፋውል» አሉ። በዚህኛው ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ለሳቸውም አንድ ብቻ ቀርቷቸዋል።

«እኔ ግራ እጁን ልያዝለት» አለች ሚስቴ።

«ሚስቱ የያዘችው እጅ የተደገፈ እጅ ነው» ብለው ከለከሏት።

ብረቱን እንደገና አቅፌ ወደ ቦታው መለስኩት፤ እሳቸው ሻይ አፍልተው ሰጡን። ሲኒውን በቀኜ ማንሳት አቃተኝ፤ የአውራ ጣቴ ቆዳ ተገሽልጧል። ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ነገር በገዛ ጨዋነቴ ሊበላ ነው! ጉልበቱ መጥቶ አስተዳደጌ ቢያስቀረኝ ለማን አቤት እላለሁ? ሰኞ ዕለት ሰውዬው መጥቶ ያን ብረት በጨርቅ ጠቅልሎ መኪና ላይ ሲጭን ታየኝ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አልኳቸው። «ፊትዎን ያዙሩልኝ።»

«ምን?»

«እርስዎ እያዩኝ አልችልም። ጀርባዎን ከሰጡኝ ትልቅ ሰው ፊት አይደለሁም ማለት ነው፤ እጄ ዝም ይላል።»

ሚስቴ «ውይ!» ብላ አፏን ያዘች። አዛውንቱ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ይህን ብረት ከአያቴ ጀምሮ ሰው ሳያየው ማንም አንስቶት አያውቅም» አሉ። «ዳኛ ዓይኑን ከብረቱ ከነቀለ ዳኛ አይደለም። ይህን ሁሉ ዓመት የቧንቧ ሠራተኛው፣ ፖስተኛው፣ የጂም ጎረምሳው አንስቼ ነበር እያለ ሲምል ሰምቻለሁ። ያመንኩት የለም፤ ያላየሁትን አላምንም።»

ልክ ናቸው። ሚስቴ ኮቷን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ አዛውንቱ የወንበራቸውን ክንድ ተመርኩዘው ተነሱ። ልታግዛቸው ስትል በእጃቸው ከለከሏት። ወንበሩን በራሳቸው እየጎተቱ፣ እያረፉ፣ ወደ ባዶው ግድግዳ አዞሩትና ተቀመጡ።

«ቀጥል» አሉ።

ሚስቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» ማለት ጀመረች። የሚያየኝ ሰው አልነበረም። ጎንበስ ብዬ ያዝኩት። የተገሸለጠው አውራ ጣቴ ብረቱን ሲነካ እንደ እሳት ፈጀኝ፤ ይፍጀኝ አልኩ። ተነሳ! ብረቱ ወዲያው መዞር ጀመረ፤ ትንሿ ጣቴ ልትከዳኝ ነው፤ «ኧረ በናትሽ» አልኳት ጮክ ብዬ። ተራመድኩ። የክፍሉን መሃል ካለፍኩ በኋላ እጄ የኔ መሆኑ ቀረ፤ የሚሰማኝ የብረቱ ክብደትና የልቤ ምት ብቻ ነው። ጠረጴዛው ጋ ደረስኩ። ጎንበስ አልኩ። ፊት ለፊቴ የወንበር ጀርባና ትንሽ ነጭ ጸጉር ነበር። ግራ እጄ አየር ላይ ተንጠለጠለ፣ ግን እዚያው ቀረ። ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ድው አለ።

መጮህ ፈልጌ ድምፅ አጣሁ። እንባዬ ቀደመ። ሚስቴ ዓይኗን ገልጣ ጠረጴዛውን አየችና እሷ በኔ ፋንታ እልል አለች። አዛውንቱ አልዞሩም። እጅህ ነካ ወይ ብለው እንዲጠይቁኝ ጠበቅኩ፤ ልምልላቸውም ተዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቁኝም።

«አስቀመጥኩት» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ።»

«ዞረው አያዩትም?»

የወንበሩን ክንድ ጨምድደው የያዙት ጣቶቻቸው ቀስ እያሉ ተፈቱ።

«የሌላ ሰው ዕቃ ምን ብዬ አያለሁ?» አሉኝ።